ሀሊና ስትቆርጥ

ፖላንድ፣ ግዲኒያ ወደብ፣ በኅዳር አጋማሽ፣
መርከብ ጉም ውስጥ ሆኖ ሲያጓራ፣ ሲመሽ፣
የዓሣ ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ
ሀሊና (ስሟ ኅሊና ነው ሲሰማ በኛ)
ደብዳቤ ደረሳት፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት መስመር፣
ምስጋና፣ ስንብት፣ ማኅተም ጭምር።

አላለቀሰችም። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ
ማዳመጫ ገዛች፣ ግራው በፕላስተር የተያዘ፤ ይኸው መሣሪያ።
የወንድሟ ልጅ ያረጀ ላፕቶፑን ሰጣት፣
"ሰው ሁሉ ፖድካስት ያወራል፤ የሚያርም ጠፋ" አላት።
የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ከማቀዝቀዣው ጎን፣
ቢሮዋ ሆነ። ጆሮዋ ግን
የማቀዝቀዣውን እምምታ ከሰው ድምፅ መለየት አቃተው፤
ሶኬቱን ነቀለችው።
ቅቤው ቀለጠ፣ ወተቱ ጎመዘዘ፣
ከዚያ ወዲያ የሚቀመጥም አልነበረ፤ ሥራው ግን ተያዘ።

የመጀመሪያው ሰው ቪየስዋፍ ነው፣
ሠላሳ ዓመት መርከብ ወደብ ሲያስገባ የኖረ፣
ጡረታ ሲወጣ ማውራት የጀመረ።
"ዋጋሽን ቁረጪ" ቢላት
"ስልሳ ዝሎቲ" አለች፤
ስልኩን ዘግታ ራሷን ሰደበች።

ቆረጠች። "ማለቴ"ውን ቆረጠች፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት፣
"እእእ"ውን፣ ሳሉን፣ ምራቅ የዋጠባት ቅጽበት፣
ትንፋሹንም። እያንዳንዱን።
እንደ ታጠበ ሳሕን አጥርታ ድምፁን
ላከችለት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።

ጠዋት ደወለ። "እኅቴ፣ ሽቼቺን ያለችው፣
ሰምታ ደነገጠች፣ 'ይሄ ሰው ማነው?
አርባ ደቂቃ ሙሉ አንዴ የማይተነፍስ፣
ወንድሜ ሰጥሞ ነው?' ብላ፣ ልታለቅስ።"

ሳቀች፤ ከዚያ አፈረች። ከቆሻሻ ቋቱ
ትንፋሽ ስትለቅም ዋለች፤
ይሄኛው ደረጃ ሲወጣ፣ ይሄኛው ስለ ሚስቱ።
ከሳሉም አንዷን ተወችለት፣
ማዕበሉ ጋ ሲደርስ ታምርበታለች ብላ።

ታኅሣሥ ገባ። አንዱ ደንበኛ ሸሸ፣ አንዱ ግማሽ ከፈለ፣
"ስምሽ ይታወቅልሻል፣ በነፃ ሥሪ" ያለም አለ።
ደረሰኝ የምትቆርጥበት ጥራዝ ገዝታ
ሁለት ቅጠል ብቻ ጎደለው ወሩ ሲያልቅ።
እናቷ ደውላ "ልጄ፣ ተስፋ ቆረጥሽ?" ስትላት
"ስቆርጥ ነው የዋልኩት፤ እሱ ጋ አልደረስኩም" አለቻት።

ጥር ላይ ራዶሚር የሚባል መጣ፣
የማክሰሻ ዱቄት ሻጭ፣ ጥርሱ የነጣ።
"ሦስት እጥፍ እከፍላለሁ። እንግዳዬ፣ ነርሷ፣
'ይህን ለልጄ አልሰጥም' ብላለች፤ ተሳስታ ነው እሷ።
ያቺን 'ኒዬ' ብቻ አውጪልኝ፤ ከሰከንድ ታንሳለች።"

በኛ ቢሆን እምቢታ ግሱን ከሁለት ወገን ይይዛል፣
"አል" ብሎ ከፊት ይቆማል፣ "ም" ብሎ ከኋላ ይቆልፋል፤
አንድ ምላጭ አይበቃውም።
በነሱ ግን አንዲት ቃል ናት፣ ከፊት ብቻዋን የቆመች፣
ዘመድ የሌላት።

ሀሊና አዳመጠች። ደገመች።
ነርሷ "ኒዬ" ስትል ብርጭቆ አስቀምጣለች፣
ቀጭ ይላል ከሥሩ።
ጠቋሚውን አስጠጋች። ቀረበ የቤት ኪራዩ፤ ዓርብ ነው ቀኑ።
ተነሣች። መስኮቱ ጋ ሄደች። ተመለሰች።
ቆረጠች፤
ነገሩን።
የጻፈችለት መልስ በኛ ፊደል "አልቆርጥም" ነው፣
ከፊትም ከኋላም የተዘጋ።

ገንዘቡ ቀረ። በማግሥቱ ቪየስዋፍ አንኳኳ፣
በስልሳው ዝሎቲ ፈንታ
የተጨሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
"ቀሪውን ደግሞ ሰኞ" ብሎ።
ዓሣ! ከዓሣ ተባርራ ዓሣ። ሳቀች ጎኗን እስኪያማት።
የት ታስቀምጠው? ማቀዝቀዣው ትዝ አላት።
ሶኬቱን ሰካች። ተንቀጠቀጠና እምምም አለ፤
ጆሮዋን ሰጠችው። ለዛሬ የሚታረም የለ።